ማጥበቂያው ቁልፍ

መስከረም 11

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለፈታታው፤

ጤናህ እንዴት ነው? የምትገባበት ደጅ ሁሉ በበጎ ይከፈትልህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የሚያመኝ ስቆም ነው፤ ሥራዬ ደግሞ መቀመጥ ነው።

ስልክ መደወል እችል ነበር። ግን ታውቀኛለህ፣ በስልክ የተባለ ነገር መዝገብ የለውም። ኋላ «ብለሽ ነበር»፣ «አላልኩም» ይመጣል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጭቅጭቅ ስጽፍ ኖሬ በራሴ ላይ አላመጣም።

ነገሩ ይህ ነው። ለፍርድ ቤታችን አዳዲስ ኮምፒውተሮች ገቡ። ቀጫጭን ናቸው፣ ድምፅም የላቸውም። ባለሙያ የሚሉት ወጣት መጥቶ የእኔን አሮጌ ነቅሎ አዲሱን ተከለ። የችሎት ቃል የምመዘግብበትን ፕሮግራም ሊጭንበት ቢሞክር አልቀበልም አለው። «እማማ፣ ይሄ ፕሮግራም በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል» አለኝ። «ታዲያ አክብረው» አልኩት። ሳቀ እንጂ አላከበረውም። አሮጌው ኮምፒውተር ወደ ምድር ቤት መጋዘን ሲወርድ ደረጃ ላይ ጣሉት። ከዚያ ወዲህ አይበራም።

ለእኔ ሌላ ፕሮግራም ሰጡኝ። ስለ እኔ ቢሆን ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ በያጅ አሠሪውን ገድሏል ተብሎ ዐሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። ወርክሾፑ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከጎን ሱቅ የነበራት ልብስ ሰፊ ጩኸት ሰምታ በሩን ከፈተች። ያየችውን ችሎት ቀርባ ተናገረች፣ እኔም ጻፍኩ። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው፦ «በሩን ስከፍት በያጁ በብረት ይመታ ነበር።»

እስቲ ድምፅህን አውጥተህ አንብበው። አላልተህ ካነበብከው መቺው እሱ ነው። አጥብቀህ ካነበብከው የሚደበደበው እሱ ነው፤ ራሱን ተከላከለ ማለት ነው። ፊደላችን ሁለቱንም አንድ አድርጎ ይጽፋል። ልብስ ሰፊዋን በጆሯቸው የሰሙት ዳኛ ፍርዱ ሳይደርስ ተዛወሩ። የተተኩት ከወረቀት አነበቡ፤ አላልተው አነበቡት። እኔ ያኔ ወደ ሌላ ችሎት ተቀይሬ ነበር፣ ፍርዱን አላየሁትም። አሁን ሰውየው አዲስ ጠበቃ ይዞ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ተፈቅዶለታል። ልብስ ሰፊዋ ሞታለች። የመጀመሪያው ዳኛ አላስታውስም ብለዋል።

እኔስ? አስታውሳለሁ ብል ማን ያምነኛል? እኔም ራሴን አላምንም። «አስታውሳለሁ» የሚል ሰው ስንት ጊዜ ሲሳሳት ጽፌያለሁ።

ግን ነጥብ አለኝ። ጥቂት ቁልፎች አብሬ በመጫን አንድ ሙሉ ቃል በምጽፍባት ትንሽ የችሎት መሣሪያ ላይ፣ ከኋላ ረድፍ በግራ ጥግ፣ ማጥበቂያ የምላት ቁልፍ አለች። የሚጠብቅ ቃል ሲመጣ ከሌሎቹ ቁልፎች ጋር አብሬ እጫናታለሁ፤ አሮጌው ፕሮግራም በፊደሉ አናት ላይ ነጥብ ያስቀምጣል። ይህን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ወረቀት ላይ ግን አይታተምም። እንዲታተም ሦስት ጊዜ አመልክቼ «ዳኞችን ያደናግራል» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ በግቢው ስሜ «ነጥብ» ሆኖ ቀረ። «ነጥብ መጣች»፣ «ነጥብ ሄደች»። ይበሉ። ነጥቡ ፋይሉ ውስጥ አለ። ፋይሉም በፍሎፒ ዲስክ ተገልብጦ፣ ታሽጎ፣ ሬጅስትራሩ ካዝና ውስጥ ተቀምጧል። አዲሱ ፕሮግራም የድሮ ፋይሎቼን ሲከፍት ቃሉን ያሳያል፣ ነጥቡን ይውጠዋል።

ችሎቱ የካቲት 6 ነው። እስከዚያ አሮጌው ፕሮግራም ተከፍቶ ነጥቡ ካልታየ ወረቀቱ እንዳለ ይጸናል።

አንተ ውጭ አገር ትልልቅ ኮምፒውተር የምትሠራ ሰው ነህ። ዘመድ ሲጠይቀኝ እንዲያ ነው የምለው። የምትሠራበትን ቦታ ብትጽፍልኝ ለዚህ ባለሙያ አፍ ማዘጊያ ይሆነኛል። አሮጌውን ፕሮግራም የሚቀበል አዲስ ኮምፒውተር ካለ ላክልኝ።

እትዬህ

—

ጥቅምት 8

ይድረስ ለማከብርዎት እትዬ፤

የእጅ ጽሕፈትዎን ከፖስታው ላይ አውቄ ቆሜ አነበብኩት። ፈጣሪ ጉልበትዎን ያጽናልዎት። እኔ ደህና ነኝ። ሥራም ደህና ነው።

የጠየቁኝ ዓይነት አዲስ ኮምፒውተር የለም። ባለሙያው አልዋሸም። ፕሮግራሙ የተሠራው ለሌላ ዘመን ማሽን ስለሆነ አዲሱ ቋንቋውን አይሰማም። መንገድ ግን አለ። አዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ከፕሮግራም ብቻ የተሠራ አሮጌ ኮምፒውተር ማስቀመጥ ይቻላል። ትልቅ ቤት ውስጥ ለአንድ ሽማግሌ ክፍል እንደመስጠት ነው። ሽማግሌው በሩን ዘግቶ በድሮ ዘመኑ ይኖራል፤ ውጭ ምን እንደተለወጠ ማንም አይነግረውም።

ክፍሉን እዚህ ሠርቼ እልክልዎታለሁ። ፕሮግራሙ የመጣባቸውን ፍሎፒዎች፣ የአጫጭር ምቶችዎን መዝገበ ቃላትና የአዲሶቹን ኮምፒውተሮች የሞዴል ቁጥር ይላኩልኝ። የበያጁን ፋይል ቅጂም ይጨምሩበት። ከሁሉ በላይ ግን ከኋላ በኩል ያለውን ቁልፍ ነቅለው ይላኩልኝ። ያለ እሱ ፕሮግራሙ አይከፈትም።

የአባቴን ሬዲዮ ፈትቼ ስገጥም ሁለት ብሎን ተርፎኝ፣ እርስዎ ቦርሳዎ ውስጥ ደብቀው እንዳዳኑኝ አልረሳሁም። ሬዲዮው ግን ሠርቷል።

አክባሪዎ

—

ኅዳር 1

ይድረስ ለፈታታው፤

ቀንህ የተባረከ ይሁን፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይሳካ። ጉልበቴ እንደነበረ ነው።

ፍሎፒዎቹ አራት ናቸው፣ ከደብዳቤው ጋር አሉ። አምስተኛው መዝገበ ቃላቴ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ በአንድ የጨመርኩት፣ አርባ አንድ ሺህ ቃል። ሌላ ቅጂ የለውም። ይህን የምልህ እንድትጠነቀቅ ነው እንጂ እንድትፈራ አይደለም።

የበያጁን ፋይል አልክም። የችሎት መዝገብ ከግቢ አይወጣም። ለዘመድም አይወጣም። እዚህ፣ በሁሉም ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚከፈተው። አንተ ሳታየው መሥራት አለብህ።

ቁልፉን በተመለከተ የጻፍከውን አድርጌያለሁ። መሣሪያዬ ላይ ሃያ አራት ቁልፎች አሉ። ከኋላ ረድፍ የትኛዋ እንደሆነች አልጻፍክም። ለዚህ ጉዳይ የምትፈለግ ብትኖር ማጥበቂያዋ ናት ብዬ ነቅዬ በጥጥ ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ። አዲሱ ፕሮግራም ስለማይቀበላት ሥራ ፈትታ ተቀምጣ ነበር። ጣቴ ግን አልሰማችም። የሚጠብቅ ቃል በመጣ ቁጥር ሄዳ ባዶውን ብረት ትወጋዋለች። ፕላስተር አድርጌባታለሁ።

የምትሠራበትን ቦታ ስም ረስተሃል። በሚቀጥለው ጻፈው።

እትዬህ

—

ኅዳር 24

ይድረስ ለእትዬ፤

ሰላምታዬ ይቅደም። ለጣትዎ ምሕረት ያውርድልዎት፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ፖስታውን ስከፍት ከጥጡ ውስጥ ያች ጥቁር ቁልፍ ወጣች። መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ አጠገቤ የሚሠሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ። እኔ ቁልፍ ስል የመክፈቻ ቁልፍ ማለቴ ነበር። «የትኛው ቁልፍ» ብሎ መጻፍ የእኔ ፋንታ ነበር። እርስዎ የተባለውን ነው ያደረጉት።

የምለው ይህን ነው። ከወደቀው ኮምፒውተር ከኋላው፣ የአታሚው ገመድ በሚሰካበት ላይ፣ የአውራ ጣት ያህል ፕላስቲክ ተሰክቷል። ገመድ የለውም፤ ግራና ቀኝ ሁለት ብሎን አለው። ምንም የሚሠራ አይመስልም። ፕሮግራሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው፤ ካጣው ይዘጋል። መጋዘኑ ሳይጸዳ ይፈልጉት።

ሽማግሌው ክፍሉን ይዟል። ፕሮግራሙ ይነሳል፣ «ቁልፍ የለም» ብሎ ይዘጋል። በቀን ሃያ ጊዜ ያንኑ ይለኛል።

መዝገበ ቃላትዎን ሦስት ቅጂ አውጥቼለታለሁ። እየከፈትኩ አነባለሁ፣ ይቅርታ። «አይቻለሁ» ለሚለው አራት ቁልፍ ይጫናሉ። «አላስታውስም» ግን አንድ ጣት ብቻ ነው። ችሎት ምን እንደሆነ ከዚህ ገባኝ። «ፈታታው» የሚልም አገኘሁ፣ በሁለት ጣት። ችሎት ተጠርቼ አላውቅም።

አክባሪዎ

—

ታኅሣሥ 15

ይድረስ ለፈታታው፤

ዕድሜ ይስጥህ። ጣቴ ድናለች። ችሎት ተጠርተህ አይደለም፤ ለአንተ የምጽፈውን ደብዳቤ መጀመሪያ በመሣሪያዬ አረቅቀዋለሁ። ስምህ ስለሚበዛ አሳጠርኩት። ሌላ ምክንያት አትፈልግለት።

ቁልፉ ተገኝቷል። ምድር ቤት ወርጄ መጋዘን ጠባቂውን ጠየቅኩት። ኮምፒውተሩን አገላብጠን ስናይ ከኋላው ባዶ ነው። «የአውራ ጣት የሚያክል፣ ሁለት ብሎን ያለው» አልኩት። ራሱን አከከ።

«እሱ ነገር ጥቅም አለው እንዴ?»

«የት ነው ያለው?»

«እዚያ» ብሎ በአገጩ አሳየኝ። የመስኮቱ ክንፍ ነፋስ እንዳይዘጋው ሥሩ ሽብልቅ አድርጎታል።

«የሰው ዐሥራ ስምንት ዓመት መስኮት አስደግፈህበታል» አልኩት።

«እትዬ፣ እኔ ምን አውቄ? ልኩ ሆኖ አገኘሁት።»

ፈርሜ ወሰድኩት። ሬጅስትራሩ መዝገቡ እንጂ ቁልፉ አይከለከልም ብለው ፈቀዱ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ አንዱ ጎኑ ተላልጧል፣ ጥርሶቹ ግን ሙሉ ናቸው። ስለ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከኋላቸው አየሁ፤ ይህ የሚሰካበት ቀዳዳ የላቸውም። ባለሙያውን ብጠይቀው «እማማ፣ ይሄኛውንስ እንተወው» አለኝ። አልተውኩትም።

አሁን ሌላ ጉዳይ። የምትሠራበትን ቦታ በሦስት ደብዳቤ ጠይቄሃለሁ፤ በመጀመሪያው በልመና፣ በሁለተኛው በማስታወስ፣ በዚህኛው በግልጽ። እስካሁን «ሥራም ደህና ነው» ብለሃል፣ ሦስት ቃል። ችሎት ቢሆን «ምስክሩ ዝም አለ» ብዬ እጽፍ ነበር። ዝምታም ይመዘገባል።

ሃምሳ አንድ ቀን ቀርቶናል። የፖስታውን መንገድ ሁለት ጊዜ ቀንስበት።

እትዬህ

—

ጥር 7

ይድረስ ለእትዬ፤

በጤና ያግኝዎት፤ ይህ ጥቅል ከደብዳቤው ጋር በአንድ ቀን እጅዎ ይግባ።

ስለ ቀዳዳው ያሉት ልክ ነው። መጀመሪያ በገመድ መቀየሪያ ሞከርኩ። የአሁኑን ቀዳዳ ወደ ድሮው የሚቀይር ገመድ አለ፤ አታሚ ያሠራል። ቁልፉን ግን ፕሮግራሙ በገመዱ በኩል አላየውም። ሦስት ዓይነት ገመድ ቀያይሬ ሦስቱም አሳፈሩኝ። የሚያስፈልገው አዲሱ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የሚገባ፣ የድሮው ቀዳዳ ያለበት ካርድ ነው፤ ሽማግሌው በቀጥታ በእጁ እንዲነካው የሚተውለት ዓይነት። እንዲህ ያለው ለጥቂት ዓመት ብቻ ተሠርቶ ቀረ። ሱቅ ቢሄዱ የለም።

እኔ ዘንድ ግን አለ። ለምን እንዳለ ልንገርዎት።

እትዬ፣ እኔ ኮምፒውተር አልሠራም። እፈታለሁ። ከከተማው ዳር ያለ መጋዘን ነው። መሥሪያ ቤቶች የጣሏቸው ኮምፒውተሮች በከባድ መኪና ይመጡልናል። ክዳኑን እከፍታለሁ፤ መዳብ ለብቻ፣ ፕላስቲክ ለብቻ፣ ሰሌዳ ለብቻ። በቀን ስልሳ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናቴ ለዘመድ ሁሉ «መሐንዲስ ነው» ያለችው ከእኔ ሰምታ አይደለም፤ እኔም ግን አላረምኳትም። ባለማረሜ በየደብዳቤው አንድ መስመር እየዘለልኩ ኖርኩ። እርስዎ ቆጥረው ደረሱብኝ።

ሆኖም ይህንም ይመዝግቡልኝ። በዚህ መጋዘን እንደ እኔ የሚፈታ የለም። የሃያ ዓመት ማሽን ድምፁን ሰምቼ ምኑ እንደሞተ እናገራለሁ። አለቃዬ ካርዱን ከጣሪያ የሚደርስ ክምር ውስጥ እንድፈልግ ሲፈቅድልኝ «በአንድ ሳምንት አታገኘውም» አለ። በአራተኛው ቀን ከምሳ በፊት አገኘሁት። የፍርድ ቤታችሁን ዓይነት ኮምፒውተርም ከወደቁት መካከል አውጥቼ፣ ካርዱን ከትቼ፣ ቁልፉን ሰካሁ። ሽማግሌው ነቃ። መዝገበ ቃላትዎን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ከዚያ መስመሩን ከፍቶ ጠበቀኝ፣ አሁንስ ማን ይናገራል እንደሚል ሰው።

ጥቅሉ ውስጥ ካርዱ፣ ቁልፉ፣ የፍሎፒ ማንበቢያ፣ ሽማግሌው ያለበት ዲስክና ዐሥራ አራት ቁጥር ያለው መመሪያ አለ። ቁጥር ዘጠኝን አይዝለሉ። ባለሙያው ዝለሉ ቢልም አይዝለሉ። ማጥበቂያዎንም መልሻለሁ።

ፈታታው

—

የካቲት 7

ይድረስ ለፈታታው፤

ጥቅሉ ጥር 29 ደረሰኝ። እጅህ ይባረክ፤ ለማን እንደምል አውቄ ነው የምልህ።

ትናንት የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፍልሃለሁ።

ከችሎቱ ሰዓት በፊት ሬጅስትራሩ ቢሮ ተሰበሰብን፦ ሬጅስትራሩ፣ የበያጁ ጠበቃ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ባለሙያውና እኔ። ጠበቃዋ ከአምስታችን ወጣቷ ናት፤ ፋይሏን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። ባለሙያው ካርዱን በእጁ አገላበጠ።

«እማማ፣ ይሄን ከየት አመጡት? እኔ ፎቶውን እንጂ አካሉን አይቼ አላውቅም።»

«የወንድሜ ልጅ ነው የላከው።»

«ምን ይሠራል?»

«መመሪያውን አንብብ» አልኩት።

ካርዱን ከተተ፣ ቁልፉን ሰካ። ሲጨርስ አንድ ብሎን ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና «ቀጥል» አልኩት። ቁጥር ዘጠኝ ላይ ሲደርስ «ይሄ እንኳ አያስፈልግም ነበር» አለ። ጣቴን ቁጥሩ ላይ አደረግሁ። አደረገው።

ሰማያዊው ገጽ መጣ። አምስት ወር ያላየሁት። ሬጅስትራሩ የካዝናውን ማሸጊያ በፊታችን ቆረጡ፤ በእኔ ፊርማና በእሳቸው ማኅተም የታሸገ መሆኑን ዐቃቤ ሕጉ አየ። ፍሎፒው ገባ። አጓራ። ገጽ አርባ ሰባት፣ መስመር ዐሥራ ሁለት።

እዚያ ስደርስ ለአንተ ብቻ የምነግርህ ነገር አለ። ፈራሁ። በዚያን ቀን ጣቴ ሳትሄድ ቀርታ ቢሆንስ? በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜም አይቼው አላውቅም። ይህን ሁሉ ሰው አስነስቼ፣ አንተን ክምር አስገብቼ፣ ራሴ ዘንግቼው ቢሆንስ?

ነጥቡ አለ።

ዐቃቤ ሕጉ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «ይሄ ነጥብ ነው ወይስ አቧራ?» አለ። ሬጅስትራሩ መሐረባቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ስክሪኑን ጠረጉት። አጥብቀው ጠረጉት። መሐረቡን አጣጠፉ። ነጥቡ እንዳለ ነው።

«እሺ፣ ሴትዮዋ ሁሉም ቦታ ነጥብ የምታደርግ ቢሆንስ?» አለ ዐቃቤ ሕጉ። ሥራውን ነው የሠራው፤ አልከፋኝም። «አምስት መስመር ወደ ላይ ይሂዱ» አልኩት። ልብስ ሰፊዋ እዚያ ስለ በያጁ ሥራ ስትጠየቅ «ሁልጊዜ ብረት ይመታ ነበር፣ ድምፁን ለምጄዋለሁ» ብላለች። ያው ቃል። ነጥብ የለውም። ሬጅስትራሩ ሁለቱን መስመሮች ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡ፤ አንዱን አላልተው፣ አንዱን አጥብቀው። ሁለተኛውን ሲያነቡ ጠበቃዋ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ሬጅስትራሩ የታየውን ጻፉ፣ ሁላችንም ፈረምን። ውሳኔው ለመጋቢት 18 ተቀጥሯል።

ከቢሮው ስንወጣ ባለሙያው እንደገና ጠየቀኝ። «የወንድምዎ ልጅ ምንድነው ሥራው?» «ይፈታል» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ያስታውቃል» አለ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የመለስከው ቁልፍ ልኩ ነው፣ ቀለሙም ነው። ግን የእኔ አይደለም። የእኔ መሐሏ ጎድጎድ ያለ ነበር።

እትዬህ

—

የካቲት 29

ይድረስ ለእትዬ፤

ደብዳቤዎን ለአለቃዬ ተርጉሜ አነበብኩለት። መሐረቡ ላይ ስደርስ ደግመህ አንብብ አለኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ለሌሎቹም አስነበበኝ። አሁን የተሰበረ ነገር ሲመጣ መሐረብ አውጥተው ይጠርጉና «አለ!» ይባባላሉ።

ስለ ቁልፉ ልክ ነዎት። የእርስዎ መንገድ ላይ እግሯ ተሰንጥቆ ነበር። የላክሁልዎትን ከአንድ ኪቦርድ ወስጄ በሞረድ ልክ አስገባሁት። የእርስዎን መጣል አልሆነልኝም። የምሠራበት ጠረጴዛ ላይ ናት። ጉድጓዷ የአንድ ጣት ነው፤ ጣቴን አስቀምጬ አየሁ፣ አይሞላትም። ይመልስ ካሉኝ እመልሳለሁ።

ውሳኔውን እስክሰማ እህል አይዋጥልኝም ብል ውሸት ነው፤ እበላለሁ። ግን ይጻፉልኝ።

ፈታታው

—

መጋቢት 19

ይድረስ ለፈታታው፤

ከአንተ ጋር ለሚሠሩት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስ። ጉልበቴ ትናንት ለሁለት ሰዓት አላመመኝም፤ ቆሜ ነበር።

ትናንት ችሎቱን የመዘገብኩት እኔ አልነበርኩም። በጉዳዩ ላይ ስለፈረምኩ አይፈቀድም። ስለዚህ በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ከሕዝቡ ጋር ሆኜ ሰማሁ። የምጫነው ነገር ስላልነበረ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። የበያጁ እናት ከጎኔ ነበረች። ማን እንደሆንኩ አታውቅም። ዳኛው እያነበቡ ነጥቡ ላይ ሲደርሱ «በመዝጋቢዋ ምልክት መሠረት» አሉ። በዚህ ግቢ ስለ ነጥብ ሲነሳ ሰው ያልሳቀበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ራሱን ሲከላከል ነው ተባለ። ያለፈው ፍርድ ተሻረ። እናትየው የመጨረሻውን ቃል ሰምታ አልገባትም። ወደ እኔ ዞረች። «ምን አሉ?» አለችኝ።

«ይፈታል» አልኳት።

ሬጅስትራሩ ከእንግዲህ ነጥቡ ወረቀት ላይ እንዲታተም አዘዋል። አራተኛውን ማመልከቻ ሳልጽፈው። ያንተ ሽማግሌም ክፍሉን እንደያዘ ይቀጥላል፤ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ፍሎፒ እንድናነብበት ታዝዘናል። ባለሙያው ቁልፉን በሰንሰለት አሥሮ በሩ ላይ «አይነካ» ብሎ ለጥፏል። እኔንም እትዬ ማለት ጀምሯል። «እማማ» ያለኝን አላነሳሁበትም፣ መዝገቤ ላይ ግን አለ።

አሮጌዋን ቁልፍ ያዛት። አዲሲቷ መሐሏ ደልዳላ ነው፣ ጣቴን ታንሸራትተኛለች። ጊዜ ከሰጠኝ እኔ እጎደጉዳታለሁ።

ዛሬ ጠዋት በደረጃው ስወጣ ሁለት ሰው አስቆመኝ። አንደኛው «በያጁ እንዴት ሆነ?» አለኝ። ሁለተኛዋ የእናትህ ጎረቤት ናት፤ «ያ ውጭ ያለው ልጅ ምን እየሠራ ነው?» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ብትጠይቀኝ ትልልቅ ኮምፒውተር እል ነበር። ለሁለቱም አንድ ቃል መለስኩ።

ይፈታል።

ለበያጁ አጥብቄ፣ ለአንተ አላልቼ። ሁለቱንም ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ነጥብ